ጊታሩን ተዉትና ደላላውን ያዙልን

በአገራችን አንድ ወጣት ምክር እንዲወርድበት ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ ፀጉሩን ማሳደግ፣ ጥቁር ቲሸርት መልበስና ቤተሰቡ የማያውቀውን ሙዚቃ መውደድ። ሦስቱን ባንድ ላይ ካሟላማ ምክር ብቻ አይበቃውም። ሽማግሌ ይሰበሰብበታል፣ ይጸለይለታል፣ አዲስ አበባ ያለው አጎቱ ተደውሎለት ‹‹ና ተው በለው›› ይባላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ሾኔና ዶዮገና ወጣ ገባ የሚል ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው።

ያው ልጅ ግን ትምህርቱን አቋርጦ፣ የአባቱ ቁራሽ መሬት ተሸጦ፣ ለደላላ ተከፍሎለት ‹‹ደቡብ አፍሪካ ልሂድ›› ያለ ዕለት ነገሩ ይገለበጣል። አጎቱ ብር ያዋጣል፤ ዕቁብ ይሰበሰብለታል፤ እነዚያው ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው ‹‹በሰላም ግባ፣ ያሰብኸው ይሙላልህ›› ይሉታል። ለጊታር እርግማን፣ ለኮንቴይነር ምርቃት! ዐይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ይሆን?

እኔ የምከራከረው አንድን ነገር ይዤ ነው። ሩቅ አገር ያለ ባንድን አብዝቶ የወደደ ልጅ የጠፋ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ገና ያልጠፋ መሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው። አንድን ነገር ከልቡ የሚወድ ልጅ የሚይዘው ነገር አለው። የሚይዘው ነገር ያለው ልጅ ደግሞ በቀላሉ ተጠቅልሎ መኪና ላይ አይጫንም።

ነገሩ እንግዳ ለሆነባቸው አንባቢዎች በመጀመሪያ ስለ ሙዚቃው ጥቂት ልበል። ‹‹ፓወር ሜታል›› የሚባለው የሄቪ ሜታል ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተለይ ጀርመን ውስጥ መልክ ያዘ። ‹‹ሄሎዊን›› የተባለው የሐምቡርግ ባንድ በ1987 እና በ1988 በተከታታይ ያወጣቸው ‹‹ኪፐር ኦቭ ዘ ሰቨን ኪይስ›› የተሰኙ ሁለት አልበሞች የዘርፉ መሠረት ተደርገው ይቆጠራሉ። ድራሙ ይጋልባል፤ ሁለት ሊድ ጊታሮች እየተቀባበሉ ይሮጣሉ፤ ዘፋኙ ድምፁን እስከ ጣሪያ ይሰቅላል፤ አዝማቹ ላይ ሲደረስ አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮ ያዜማል። ግጥሙስ? ስለ ንጉሥና ስለ ጦር ሜዳ፣ ስለ ተራራና ስለ ቃል ኪዳን፣ ስለ ወደቀ ጀግናና ከወደቀበት ስለሚነሣ ጀግና ነው።

ይህ ለኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? እኛ ዘንድ ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ ሽለላ የሚባል ነገር አለ። ፎካሪው ጋሻውን እየነቀነቀ ይዘላል፤ የሜታሉ ልጅ ፀጉሩን እየነቀነቀ ይዘላል። ሁለቱም ደረት ይመታሉ፣ ሁለቱም የሞተን ያስታውሳሉ፣ ሁለቱም ሰሚውን ከተቀመጠበት ያስነሡታል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1798 ያሳተመውን ስለ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ የሚተርክ ረጅም ግጥም ለተማሪ ማስወደድ አቀበት ነበር። ለፈተና ያነቡታል፤ ከፈተና ማግሥት ይረሱታል። ‹‹አይረን ሜይደን›› የተባለው የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ባንድ ይህንኑ ግጥም በ1984 ከ13 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ዘፈን አድርጎ ሠራው። ስንትና ስንት የሠራተኛ ልጅ መምህር ሳያስገድደው፣ ማርክ ሳይያዝለት፣ የመርከበኛውን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር አወቀው። የጀርመኑ ፓወር ሜታል ባንድ ‹‹ብላይንድ ጋርዲያን›› ደግሞ በ1998 አንድ ሙሉ አልበም በቶልኪን ‹‹ሲልማሪሊዮን›› ላይ ተመሥርቶ ሠራ። ያንን መጽሐፍ ላላነበበ ልንገረው፤ ከባድ መጽሐፍ ነው። ታዲያ ‹‹ጩኸት ብቻ ነው፤ ፍሬ የለውም›› የሚለን ማነው? ሰምቶ ነው ወይስ ቲሸርቱን አይቶ?

ቲሸርቱን ካነሣን አይቀር፣ በሀዲያና በከምባታ ገበያዎች ላይ ጥቁር የሜታል ባንድ ቲሸርት የሚለብሰው ሁሉ የባንዱ አድናቂ አይደለም። ብዙው ከሰልባጅ ክምር ላይ ያነሣው ነው። የራስ ቅል የተሣለበት ቲሸርት ለብሶ በሬ የሚነዳ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ ማንም ምንም አላለውም። ሰው የሚቆጣው ልጁ ቲሸርቱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ የገባው ዕለት ነው።

ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የተዋወቅሁት ልጅ ከሚገባቸው ወገን ነው። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ‹‹ሳባቶን›› ስለሚባል የስዊድን ባንድ ያለማቋረጥ አወራኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እሱ አላቆመም። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 ፋሉን በምትባል ከተማ ተቋቋመ፤ ዘፈኖቹ አብዛኞቹ ስለ እውነተኛ ጦርነቶች ናቸው። በ2012 ‹‹ካሮሉስ ሬክስ›› የተባለውን አልበም ስለ ስዊድን ነገሥታት ሲሠሩ አንዱን ቅጂ በእንግሊዝኛ፣ አንዱን ቅጂ ደግሞ በገዛ ቋንቋቸው አወጡት። በ2019 ደግሞ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ሙሉ አልበም አወጡ። ልጁ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ከዘፈኑ ተነሥቶ ታሪኩን ይፈልጋል፤ ታሪኩን ሲያገኝ ካርታ ይፈልጋል። ትምህርት ሚኒስቴር ቢሰማ ሊሸልመው የሚገባ ተማሪ ነው።

በመጨረሻ ‹‹ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት›› አለኝ። ‹‹እነዚህ ሰዎች ግሪኮች ሙሶሊኒን እምቢ ስላሉት ዘፍነዋል። እኛም እኮ እምቢ ብለናል። የኛን ማነው የሚሠራው?››

ልጁ የሚለው በ2010 የወጣውን ‹‹ኮት ኦቭ አርምስ›› የተሰኘ ዘፈን ነው። ሙሶሊኒ ኦክቶበር 28 ቀን 1940 ለግሪክ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ግሪኮች አልቀበልም አሉ፤ ዘፈኑ ስለዚያ ነው። ግሪክ እምቢ ባለችበት በዚያ ቀን እኛ ይኸው ሙሶሊኒ ከወረረን አምስት ዓመት ሞልቶን፣ አርበኞቻችን በየጫካው ነበሩ። የሆሳዕናው ልጅ በስዊድኖች ዘፈን፣ በግሪኮች ታሪክ በኩል ዞሮ ዞሮ ወደ ገዛ አያቶቹ ደረሰ። እኔ በማስተማር ዘመኔ ከዚህ የተሻለ የፈተና ጥያቄ አላወጣሁም። ቤተሰቡ ግን ይህንን ልጅ ‹‹አእምሮው ተነካ›› ይሉታል።

እስቲ ክሱን አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛው ክስ ‹‹የኛ አይደለም፤ የፈረንጅ ነው›› የሚል ነው። መልካም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡና የሚጮኸውን ሕዝብ እዩት። አርሰናል ሲሸነፍ ራት የማይበላ አባወራ አለ። ሰሜን ለንደንን አያውቃት፣ አታውቀው! ልጁ የአርሰናል ማልያ ቢለብስ ‹‹ጎበዝ፣ የአባቱ ልጅ›› ይባላል፤ የሳባቶን ቲሸርት ቢለብስ ‹‹ባህሉን የከዳ›› ይባላል። ሁለቱም ባሕር ማዶ ናቸው። ልዩነቱ አባትየው አንዱን ቀድሞ መውደዱ ብቻ ነው።

ደግሞስ ‹‹የኛ›› የምንለው ዘመናዊ ሙዚቃ ከየት መጣ? ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን፣ ከቱርክ ዕልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነነሐስ መሣሪያቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ‹‹አርባ ልጆች›› ይባላሉ። መሪያቸው የነበሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በቴአትር ቤቶቻችን ኦርኬስትራዎች ጥሩንባና ሳክስፎን ‹‹የኛ›› ሆኑ። ዛሬ አንድ ሰው ተነሥቶ ‹‹ሳክስፎን የኢትዮጵያ አይደለም›› ቢል እንስቅበታለን። ያኔ ግን እነዚያ ልጆች በአዲስ አበባ መንገድ እየነፉ ሲያልፉ ‹‹ይህ ደግሞ ምን ጉድ ነው?›› ያለ ሽማግሌ አልነበረም ትላላችሁ?

ሮክም ቢሆን በራችንን ካንኳኳ ቆይቷል። ጃኖ ባንድን አስታውሱ። አዲስ ገሠሠ ያሰባሰባቸው ወጣቶች፣ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ በድምፅ፣ ሌሎቹ በጊታርና በድራም ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ‹‹ኤርታሌ››ን አወጡ። አሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ፕሮዲውስ አደረገው። በ2018 ‹‹ለራስህ ነው›› ተከተለ። ስማቸው የሐበሻ ልብስ፣ አልበማቸው የአፋር እሳተ ገሞራ፣ ቋንቋቸው አማርኛ፣ ጊታራቸው ግን የሚያጓራ። ያን ጊዜ በየካፌው ‹‹ሮክ ለሐበሻ ጆሮ አይሆንም›› የሚል ሐተታ ሰምቻለሁ። አድናቂዎቻቸው ግን ሐተታውን ሳይሰሙ ቀድመው ቃሉን ያጠኑ ነበር። ጃኖ ፓወር ሜታል አይደለም፤ እንዲያ ነው ብዬ ማንንም አላታልልም። ግን በራችን ላይ የቆመው ጊታር የሐበሻ ልብስ ለብሶ ሊገባ እንደሚችል አሳይቷል።

ይህ ነገር የትልቅ ከተማ ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ፋሉን እኮ የድሮ የመዳብ ማዕድን ከተማ ናት፤ ሕዝቧ ከሆሳዕና ሕዝብ ያንሳል። የሳባቶን ልጆች ‹‹ሜታል የእንግሊዝና የጀርመን ነው፤ እኛ የማዕድን ቆፋሪ ልጆች ምን አገባን›› ብለው አልተቀመጡም። በዓለም ከዞሩ በኋላም በዚያችው ከተማ የራሳቸውን ፌስቲቫል አዘጋጁ። ‹‹እነሱ ፈረንጅ ናቸው›› የሚል ካለ ደግሞ ቦትስዋናን ይመልከት። ቆዳ ጃኬትና የላም ጠባቂ ባርኔጣ አድርገው የሚሰለፉ የሜታል አድናቂዎች ያሉባት አፍሪካዊት አገር ናት። ‹‹ስኪንፍሊንት›› የተባለ ባንዳቸው የአፍሪካን አፈ ታሪክና የጦር ታሪክ በሄቪ ሜታል ሠርቷል። ካላሃሪ በረሃ ጫፍ ላይ ባለችው ጋንዚ በምትባል ትንሽ የከብት ከተማ ‹‹ኦቨርትረስት›› የተባለው ባንድ የሜታል ፌስቲቫል ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ጋንዚ የቻለችውን ሆሳዕና የማትችልበት ምክንያት ምንድነው?

ሁለተኛው ክስ ከበድ ይላል፤ ‹‹የሰይጣን ነው›› ይላል። ይህንን ክስ አላጣጥልም። አካባቢው የጸሎት አካባቢ ነው፤ ወላጅ ለልጁ ነፍስ ቢሠጋ መብቱም ግዴታውም ነው። ደግሞም ያለ ምክንያት አልተወራም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ብላክ ሜታል የሚባለው ቅርንጫፍ ተከታዮች አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል፤ በ1992 በርገን አጠገብ የተቃጠለው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን የዚህ ምስክር ነው። ወንጀል ነው፤ ወንጀል እንላለን። ግን በአንዱ ቅርንጫፍ ሌላውን መቁረጥ ፍርድ አይደለም። ጀርመኖቹና ስዊድኖቹ የፓወር ሜታል ባንዶች የሚዘፍኑት ስለ ጀግንነትና ስለ ተስፋ ነው። ይባስ ብሎ ‹‹ስትራይፐር›› የተባለው የአሜሪካ ሜታል ባንድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ መድረክ ላይ ሆኖ ለሕዝቡ አዲስ ኪዳን ይወረውር ነበር! ‹‹ቲኦክራሲ›› የሚባል ደግሞ ከስሙ ጀምሮ የክርስቲያን ፓወር ሜታል ባንድ አለ። መሣሪያ ነፍስ የለውም፤ ነፍስ ያለው የያዘው ሰው ነው።

ይህንን ከሆሳዕና ሰው በላይ ማን ያውቃል? በ1920ዎቹ መጨረሻ ሚስዮናውያን ወደነዚህ ደጋማ ቀበሌዎች ሲመጡ ከያዙት ዜማ ይልቅ ሕዝቡ በሀዲይሳና በከምባትሳ የገዛ ዜማውን ለእምነቱ አዋለው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ዛሬ በእሑድ አምልኮ ላይ ቤዝ ጊታሩ፣ ኪቦርዱ፣ ድራሙ ሙሉ ነው። ድራም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲመታ ቅዱስ፣ ወጣት ማዕከል ውስጥ ሲመታ ርኩስ የሚሆነው በምን ሥነ መለኮት ነው? በነገራችን ላይ የአይረን ሜይደን የ1982 አልበም ስለ 666 ነው እያላችሁ የምትሸበሩ ሁሉ፣ ወደ ዱራሜ ዝለቁና ሐምበሪቾን ውጡ። የከምባታ ነገሥታት፣ ዎማዎቹ፣ መናገሻቸው ያደረጉት ተራራ ነው። ዛሬ ወደ ጫፉ የሚያደርሰው ደረጃ 777 ነው። እነሱ 666 ቢኖራቸው እኛ 777 አለን! የሚዘፍንለት ባንድ ነው የጠፋው።

ሦስተኛው ክስ ‹‹ጩኸት ነው›› ይላል። እዚህ ላይ ሳቅ ሳቅ ይለኛል። የከተማይቱ የድሮ ስም ዋቸሞ ነው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲው ይጠራበታል። ሆሳዕና የሚለው ስም ግን ራሱ ጩኸት ነው። ሕዝብ የዘንባባ ዝንጣፊ ይዞ መንገድ ላይ የጮኸው ቃል ነው፤ ትርጉሙም ‹‹እባክህ አድነን›› ማለት ነው። በጩኸት ስም የምትጠራ ከተማ ጩኸት አስፈራኝ ስትል ያስቃል። ደግሞስ ከተማይቱ መቼ ፀጥ ብላ ታውቃለች? ባጃጁ ከነስፒከሩ፣ ሞባይል ቤቱ ከነሞንታርቦው፣ የእምነት ቤቶቹ ከነድምፅ ማጉያቸው፣ ሀዲያ ሆሳዕና ግብ ሲያገባ ከነስታዲየሙ! ይህ ሁሉ ጩኸት ባለበት የሚያስደነግጠን የአንድ ልጅ ጊታር መሆኑ፣ ጉዳዩ የድምፅ መጠን አለመሆኑን ይነግረናል። ጎረቤት በሌሊት አይረበሽ ካላችሁ እስማማለሁ፤ ሰዓት ወስኑለት። ሰዓት መወሰንና ማገድ ግን ለየቅል ናቸው።

አራተኛውና የመጨረሻው ክስ ‹‹እንጀራ አይሆንም›› የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሳቄን አቆማለሁ።

እንጀራ የሚሆነውን መንገድ እናውቀዋለን። በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን ወይም ዛምቢያን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዚምባብዌን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በምትባለው ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 የኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ፤ አየር አጥሯቸው የሞቱ ናቸው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ምዚምባ ውስጥ ከ25 በላይ አስከሬን ያለበት የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.፣ ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ዳር የተጣሉ 27 ወንዶች አስከሬን ተገኘ፤ እነሱም ከኢትዮጵያ የሄዱ እንደሆኑ ፖሊስ ተናገረ። ይህንን የደቡብ መንገድ ከማንም ይልቅ የሚሞሉት የሀዲያና የከምባታ ልጆች መሆናቸውን እዚያ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የደረሰውስ? በየታውንሺፑ ሱቅ ውስጥ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ይውላል፤ አንዳንዱ በፍርግርጉ በኩል ተተኩሶበት ይሞታል።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የሄዱትን አልወቅስም። ሆሳዕና ላይ የተሠራውን ፎቅ፣ የተማረውን ወንድም፣ የታከመችውን እናት የላከው ብር የእነሱ ላብ ነው። ልጃቸውን አጥተው በድንኳን የተቀመጡ ወላጆችንም መውቀስ የሰው ሥራ አይደለም። የምወቅሰው ሚዛናችንን ነው። ሞንታርቦ ሲጮህ ‹‹ልጄ ጠፋ›› ብላ የምትደነግጥ ከተማ፣ ደላላው ቡና ቤት ተቀምጦ ልጆቿን ሲቆጥር ያልደነገጠችበትን ሚዛን ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለበሬው ብቻ እንዳይመስለን። ሣሩን የሚያሳየው ሰውም አለ፤ ገደሉን የማይነግረው ሰውም አለ።

‹‹ታዲያ ጊታር ልጁን ያስቀረዋል?›› ትሉኛላችሁ። ጊታር ብቻውን ማንንም አያስቀርም። ሥራ ያስፈልጋል፣ መሬት ያስፈልጋል፣ ሕግ ያስፈልጋል። ግን እስቲ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ቀን ከነሰዓቱ ቁጠሩልኝ። ትምህርት ቤቱ ግማሽ ቀን ነው። ከዚያስ? ፑል፣ ጆተኒ፣ ጫት፣ ቁማር፣ ደላላ። ለዚህ ልጅ ‹‹ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እንጠብቅሃለን፤ ያለአንተ ቤዝ የሚጫወት የለም›› የሚለው ሰው ማነው? ሰውን አገሩ ላይ የሚያቆመው ደሞዝ ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀው ሰው መኖሩም ነው። ባንድ ማለት በመሠረቱ እርስ በርስ የሚጠባበቁ አምስት ልጆች ናቸው።

ለእናንተም ለአድናቂዎቹ የምለው አለኝ፤ ‹‹ጋሼ ደገፉን›› ብላችሁ አታጨብጭቡ። ማድነቅ መጀመሪያ ነው፤ መኖሪያ ሲሆን ግን ሌላ ስደት ነው። አካሉ ጎፈር ሜዳ፣ ልቡ ስዊድን የሆነ ልጅ አሻግሮ ከማየት በቀር ምን ያተርፋል? ሳባቶኖች የአገራቸውን ንጉሥ በአገራቸው ቋንቋ እንደዘፈኑ ካወቃችሁ፣ የናንተስ ሀዲይሳ፣ የናንተስ ከምባትሳ ለምን ተኛ? ያሆዴና መሳላ በመጡ ቁጥር በልጅነታችሁ የጨፈራችሁት ዜማ በሁለት ጊታር ቢሮጥ ምን ይመስል ይሆን? ሞክራችሁታል?

ታሪክ አጣን እንዳትሉኝ። ሆሳዕና ያለው ሆስፒታል በማን ስም እንደሚጠራ በሩ ላይ አንብቡ፤ ንግሥት እሌኒ መሐመድ። የሀዲያው ገራድ ልጅ ናት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። ነገሥታት ሲፈራረቁ እሷ በቤተ መንግሥቱ ጸናች። ዐፄ ልብነ ድንግል ሕፃን ሆኖ ሲነግሥ መንግሥቱን በሞግዚትነት የመራችው እሷ ናት። ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ልካ፣ ደብዳቤዋ ባሕር ተሻግሮ ሊዝቦን ደረሰ። ከእስላም አባት ተወልዳ የክርስቲያን መንግሥት የመራች፣ በሰይፍ ዘመን በአእምሮዋ የገዛች ሴት! አንድ የጀርመን ባንድ ይህንን ታሪክ ቢያገኘው ሦስት አልበም ያወጣበታል። እኛ ግን የምናነሣት ካርድ ስናወጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ቢሮ በቢሮ ሆናለች። ከዚያ ሁሉ ቢሮ መካከል አንድ ክፍል፣ አንድ ድራም፣ ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ አስተማሪ ይገኝ። ሙዚቃ ለመማር የሚፈልግ ልጅ 230 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የያሬድን በር እንዲያንኳኳ አትፍረዱበት። ዱራሜም አንድ፣ ሾኔም አንድ ይኑራት። የአምልኮ ቤቶቹ የተማሩ ተጫዋቾች አሏቸው፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ያስተምሩ፤ ከሰይጣን የሚፈሩትን ልጅ ከማንም የተሻለ የሚጠብቁት አጠገቡ ሲቀመጡ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ደርባን፣ ኬፕታውን ያላችሁ ወንድሞች ደግሞ፣ ‹‹ታናሼን ላውጣው›› ብላችሁ ለደላላ ከምታዋጡት ብር ሽርፍራፊው ደህና ጊታር ይገዛል። መንገዱን ታውቁታላችሁ። እናንተ ‹‹ቆይ፣ አትምጣ፣ እዚያው ተጫወት›› ብትሉት ከእኔ ዓምድ ይልቅ ይሰማችኋል።

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ጓዳ ገብቶ የማይገባችሁን ዘፈን ሲያስጮህ ብትሰሙ በሩን አትምቱበት። ገብታችሁ ‹‹ስለ ምን ነው የሚዘፍኑት?›› በሉት። ይነግራችኋል፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይነግራችኋል። ሲጨርስ ደግሞ እናንተ ስለ እሌኒ፣ ስለ ሐምበሪቾ፣ ስለ አያቶቹ ንገሩት። ከዚያ በኋላ በሩን የሚያንኳኳ ደላላ ቢመጣ፣ ቤት ውስጥ ሥራ የያዘ ልጅ እንዳለ ንገሩትና ሸኙት።